ስዊችና መጠባበቂያ ኃይል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቢሮ ኔትወርክ መዘርጋትና መጠገን ሥራዬ ነው። ስልኬ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ጥያቄውም ዓመቱን ሙሉ ያው ስለሆነ መልሱን አንድ ቦታ ልሰብስበው ብዬ ተነሳሁ። ስዊች ስል የመብራት ማብሪያ ማጥፊያውን አይደለም። ኮምፒውተሩ፣ ካሜራውና ዋይፋዩ የሚገናኙበትን የኔትወርክ ሳጥን ማለቴ ነው።

መብራት የጠፋው ለአንድ ሰከንድ ነው። ኢንተርኔቱ ለምን አምስት ደቂቃ ይጠፋል?

ስዊች ውስጡ ኮምፒውተር ነው። ኃይል ከተቋረጠበት እንደ አምፖል ጠፍቶ ወዲያው አይበራም። ሶፍትዌሩን ይጭናል፣ ራሱን ይፈትሻል፣ ከዚያ በኋላ ነው ፖርቶቹን (የኬብል መሰኪያዎቹን) የሚከፍተው። ለቤት የሚገዛው ትንሹ ስዊች በጥቂት ሰከንድ ይነሳል። ቢሮ ውስጥ የምናየው የሲስኮ ካታሊስት ዓይነቱ ግን ሦስትም አምስትም ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። በኔትወርክ ኬብል ከስዊቹ ኃይል የሚወስዱት ስልኮች፣ ካሜራዎችና አክሰስ ፖይንቶች (ዋይፋይ የሚያሰራጩት) ደግሞ መነሳት የሚጀምሩት እሱ ከተነሳ በኋላ ነው።

ስለዚህ መብራቱ በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ቢል፣ በመብራት በኩል የጠፋው ሦስት ሰከንድ ነው። በኢንተርኔት በኩል ግን ሩብ ሰዓት ሄደ። ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ዕቃውን በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን፣ የሚገዛው መጀመሪያ ለዚህ ነው። ረጅሙ የመብራት መጥፋት ሁለተኛ ነገር ነው።

ጄኔሬተር አለን። ዩፒኤስ ለምን ያስፈልገናል?

በራሱ የሚነሳ ጄኔሬተር እንኳ ተነስቶ ጭነት እስኪረከብ አሥርም ሠላሳም ሰከንድ ይወስዳል። ስዊቹ በዚያ መሀል ጠፍቷል። በእጅ የሚነሳ ከሆነ ጉዳዩ የሰው ጉዳይ ነው።

አንድ ድርጅት ውስጥ ዩፒኤሱ ለአሥር ደቂቃ ታስቦ ተገዝቶ ነበር። "ጄኔሬተሩ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይነሳል" ተብለን ነው። ኔትወርኩ ግን በየጊዜው ይወድቃል። አንድ ቀን ጥበቃው ጋ ሄጄ፣ "ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋ ስንት ደቂቃ ላይ ነው የሚያስነሱት?" አልኳቸው።

"መቼም ወዲያው አላስነሳም የኔ ልጅ" አሉኝ። "ሩብ ሰዓት ያህል አየዋለሁ። ተመልሶ ከመጣ ነዳጁ ይተርፋል።"

ልክ ናቸው። ነዳጅ ውድ ነው፣ የሚጠየቁትም እሳቸው ናቸው። የሳትነው እኛ ነን፤ ዩፒኤሱን ስንገዛ አስተዳደሩን ጠየቅን እንጂ ጄኔሬተሩን የሚያስነሱትን ሰውዬ አልጠየቅንም። ስንት ደቂቃ እንደሚያስፈልጋችሁ ስታሰሉ በወረቀት ላይ ያለውን ተዉትና በሩ ላይ ያሉትን ጠይቁ።

ጄኔሬተሩ በርቶ እያለ ዩፒኤሱ ለምን ይጮሃል?

ከጄኔሬተሩ የሚመጣው ኃይል ስላልተመቸው ነው። እኛ አገር መስመሩ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ያረጀ ወይም ጭነት የበዛበት ጄኔሬተር ቮልቴጁም ኸርዙም ይዋዥቃል። ዩፒኤሱ ይሄንን ሲያይ "አልቀበልም" ብሎ በባትሪው መሥራት ይቀጥላል። ባትሪው ሲያልቅ ጄኔሬተሩ እየሠራ ስዊቹ ይጠፋል፤ ሰው የሚገረመው ያኔ ነው። መፍትሔው ጄኔሬተሩን ማስፈተሽ ነው። አንዳንድ ዩፒኤስ ላይ ደግሞ ንቃቱን ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ።

ዩፒኤስና አርፒኤስ አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ጋ ነው።

ዩፒኤስ ባትሪ አለው። ግድግዳው ላይ ያለው መብራት ሲጠፋ እሱ ይተካል። አርፒኤስ ባትሪ የለውም። ሥራው ስዊቹ ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን ኃይል ለስዊቹ የሚቀይረው ክፍል) ሲቃጠል መተካት ነው። ሁለቱ የሚጠብቁት የተለያየ ጠላት ነው። መብራት ሙሉ በሙሉ ከጠፋና አርፒኤሱም እዚያው መስመር ላይ ከተሰካ፣ ስዊቹም አርፒኤሱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጠፋሉ። አርፒኤሱ በዩፒኤስ በኩል ካለፈ ግን ሌላ ነው።

አዲስ አበባ ላለ መካከለኛ ቢሮ መጀመሪያ አርፒኤስ ግዙ የሚል ሰው ካገኛችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁት። የኛ የዕለት ተዕለት ችግር የግድግዳው መብራት ነው።

የስዊቼ ጀርባ ላይ "አርፒኤስ" የሚል ሰፊ መሰኪያ አለ። ምኑ ነው የሚሰካበት?

ብዙዎቹ የካታሊስት 2960፣ 3560 እና 3750 ስዊቾች ጀርባ ላይ ይሄ አለ። 220 ቮልት የሚገባበት አይደለም። ስዊቹ ውስጥ የሚፈለገውን ዲሲ ኃይል (ባትሪ የሚሰጠውን ዓይነት) በቀጥታ የሚቀበል ብዙ ፒን ያለው መሰኪያ ነው። የሚሰካበት ለሱ ተብሎ የተሠራው የሲስኮ አርፒኤስ ብቻ ነው፣ በራሱ ኬብል። "ይገጥማል" ብሎ ሌላ ነገር መሞከር ስዊቹን መሰናበት ነው።

አርፒኤስ 2300 የሚባለውን እንውሰድ። አሁን ከገበያ የወጣ ሞዴል ነው፤ በየሰርቨር ክፍሉ ግን እስካሁን ተቀምጦ ይገኛል። ስድስት ስዊች ይሰካበታል። ስድስቱንም ባንዴ ግን አይሸከምም። በአንድ ጊዜ ቢበዛ ሁለት ስዊች ነው የሚደግፈው፤ ያውም ሁለት በቂ አቅም ያላቸው ፓወር ሞጁሎች ከገቡለት። ከሱ በፊት የነበረው 675 ደግሞ ስድስት ተሰክቶበት ለአንድ ብቻ ነበር የሚደርሰው። "ስድስት ገመድ ስላለው ስድስቱም ተጠብቀዋል" የሚለው አነጋገር ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስታገናኙ መጀመሪያ አርፒኤሱን ስታንድባይ ላይ (ኃይል በማይሰጥበት ሁኔታ) አድርጉት። ኬብሉን ስዊቹም አርፒኤሱም ጋ እስኪቆልፍ ግፉና ብሎኑን አጥብቁ። ከዚያ ወደ አክቲቭ መልሱት። ይሄን የመጨረሻውን የሚረሳ ቴክኒሺያን ስንት አለ! ስታንድባይ ላይ የቀረ አርፒኤስ ራክ (የዕቃ መደርደሪያው) ላይ የተቀመጠ ጌጥ ነው።

ከዚያ የስዊቹን ፊት ተመልከቱ። "አርፒኤስ" የሚል ትንሽ መብራት አለ። ሳያቋርጥ አረንጓዴ ከሆነ ተገናኝቷል፣ ዝግጁ ነው። አረንጓዴው ብልጭ ድርግም ካለ አርፒኤሱ አለ፣ ግን ሌላ ስዊች ይዞታል፤ ለናንተ አይደርስም። ሳያቋርጥ ብርቱካናማ ከሆነ ወይ ስታንድባይ ላይ ነው ወይ ተበላሽቷል። ብርቱካናማው ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ የስዊቹ የራሱ ፓወር ሰፕላይ ሞቷል፤ አሁን በአርፒኤሱ ነው ያለው። ይሄንን መብራት አይቶ "ይሠራል እኮ" ብሎ ማለፍ የለመደብን ነው። ይሠራል፣ ግን ተጠባባቂ ተጫዋቹ ገብቶ ወንበሩ ባዶ ነው።

ሁለት ፓወር ሰፕላይ ያለው ስዊች ገዛን። ሁለቱንም ዩፒኤሱ ላይ ልሰካቸው?

አትሰኩ። እንደ ካታሊስት 9300 ያሉት ጀርባቸው ላይ ሁለት የፓወር ሰፕላይ ቦታ አላቸው። የሁለቱ ጥቅም ሁለት የተለያየ ምንጭ ሲኖራቸው ነው። ሁለቱም አንድ ዩፒኤስ ላይ ከተሰኩ ዩፒኤሱ በተበላሸ ቀን ሁለቱም ባንዴ ይሞታሉ። ዩፒኤስ ደግሞ ይበላሻል። የመብራት መስመሩ ደህና ሆኖ ዩፒኤሱ ራሱ ኔትወርክ የጣለበትን ቀን ከአንዴ በላይ አይቻለሁ።

አንድ ዩፒኤስ ብቻ ካላችሁ አንዱን እሱ ላይ፣ ሌላውን ቀጥታ ግድግዳው ላይ ስኩ፤ የግድግዳውን በጥሩ ስታቢላይዘር በኩል ብታሳልፉት ይሻላል። ሁለት ዩፒኤስ ካላችሁ አንዳንድ ለየብቻ። ከዚያ ገመዱን በእጃችሁ ይዛችሁ እስከ ማከፋፈያው ሳጥን ተከተሉት። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ዩፒኤሶች በሁለት የተለያየ ሶኬት ተሰክተው ነበር፣ ደስ ይላል። ሶኬቶቹን ስንከተል ሁለቱም የሚያርፉት አንድ ብሬከር ላይ ሆነው አገኘናቸው። ብሬከሩ ከዘለለ ሁለቱም ባትሪ ላይ ናቸው። ሁለት ገመድ ማለት ሁለት ምንጭ ማለት አይደለም።

አንዳንዶቹ ስዊቾች፣ 3750 ኤክስ፣ 3850 እና 9300፣ ስታክፓወር የሚባል ነገር አላቸው። እስከ አራት ስዊች በኃይል ኬብል ቀለበት ሠርተው ፓወር ሰፕላያቸውን ይካፈላሉ። የአንዱ ሲቃጠል ከጎረቤት ይወስዳል። ይሄም እንደ አርፒኤሱ ነው፤ የፓወር ሰፕላይን መቃጠል እንጂ የመብራትን መጥፋት አይመልስም።

ስንት ቪኤ ዩፒኤስ ይበቃኛል?

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቪኤ እርሱት። በትንሹ የተጻፈውን ዋት ፈልጉ። 1000 ቪኤ የሚለው ርካሹ ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ 600 ዋት ነው የሚሸከመው።

አንድ ትንሽ ቢሮ እናስላ። የፋይበሩ ሳጥን 15 ዋት ገደማ፣ ራውተሩ 20፣ ባለ 24 ፖርት ስዊች 25፣ አራት አክሰስ ፖይንት በ10 ዋት 40። ድምሩ 100 ዋት። ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው ዩፒኤስ በወረቀት 168 ዋት ሰዓት ይይዛል። በተግባር ግን ባትሪ በፍጥነት ሲሟጠጥ ያለውን ሁሉ አይሰጥም፤ ዩፒኤሱም ሲቀይር ያባክናል። ግማሹን ያዙ። ባትሪው አዲስ ከሆነ 50 ደቂቃ አካባቢ ማለት ነው። ጭነቱን ወደ 300 ዋት ብታሳድጉት ወደ 17 ደቂቃ ሳይሆን ከዚያም በታች ይወርዳል። ጭነት በጨመረ ቁጥር ባትሪው ይከፋበታል።

ስሌቱን የሚያፋልሰው ፒኦኢ ነው፤ ያ በኔትወርክ ኬብሉ ኃይል የሚልከው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ደረጃ በአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ነበር፣ የ2009ኙ 30፣ የ2018ቱ እስከ 90 ደርሷል። ፒኦኢ የሌለው ባለ 48 ፖርት ስዊች ከአንድ የድሮ አምፖል ብዙም የማይበልጥ ኃይል ሊበላ ይችላል። ያው ባለ 48 ፖርት 740 ዋት የፒኦኢ በጀት ኖሮት ካሜራና ስልክ ከሞላበት፣ ያ 600 ዋት ዩፒኤስ ጮሆ ይወድቃል። ስለዚህ የሚበላውን ከስዊቹ ራሱ ጠይቁት። ሲስኮ ላይ ትእዛዙ "ሾው ፓወር ኢንላይን" ነው፤ የእያንዳንዱን ፖርት ዋት ይዘረዝርላችኋል። ካገኛችሁት ድምር በላይ ሩብ ያህል ጨምሩ፤ ሰው ካሜራ መጨመሩ አይቀርም።

አሰካኩ ላይ የሚሠራው ስህተት ምንድን ነው?

ሦስት አራት ነው፣ ሁሉም ተራ።

የዩፒኤሱ ጀርባ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሁሉ እኩል አይደሉም። አንዳንዱ ላይ ግማሾቹ ከባትሪው ኃይል ያገኛሉ፣ ግማሾቹ ግን ከከፍተኛ ቮልቴጅ ይከላከላሉ እንጂ ባትሪ የላቸውም። አዲስ ዩፒኤስ ገዝቶ ስዊቹን ባትሪ የሌለው ቀዳዳ ላይ የሰካ ደንበኛ "የገዛሁት ዕቃ ፎርጂድ ነው" ብሎ ሻጩን ሊከስ ደርሶ ነበር።

ሁለተኛው ዲቫይደር ነው። ብዙ ዩፒኤስ መውጫው ያ በፊት ከሲፒዩ ወደ ሞኒተር ይሄድ የነበረውን ገመድ ዓይነት ነው የሚቀበለው፤ አንዱ ጫፍ ወንድ፣ ሌላው ሴት። ያ ገመድ ስለሚጠፋ ሰው ገመዱን ቆርጦ ዲቫይደር ይቀጥልበታል። ከዚያ ዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር። ገመዱ ገበያ ላይ አለ፤ ፈልጋችሁ ግዙ። ትልልቆቹ ፓወር ሰፕላዮች ሰፋ ያለ ጫፍ ስላላቸው ከመግዛታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ።

ሌላው ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው መስመር) ነው። የድሮ ሕንፃ ሶኬት ላይ ኧርዙ ቅርጹ አለ፣ ሽቦው የለም። ኤሌክትሪሺያን በመሣሪያ ይለካላችሁ። ራኩንም ለብቻው ከኧርዝ ጋር አገናኙት። ክረምት ላይ መብረቅ በመብራት መስመር ብቻ እንዳይመስላችሁ የሚመጣው። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በውጭ የተዘረጋ የኔትወርክ ኬብል ካላችሁ በዚያም ይገባል፣ ዩፒኤሱም አያየውም። በሕንፃዎች መሀል ፋይበር አድርጉ።

ዩፒኤሱ ላይ ክፍት ቀዳዳ አለ። ሌላ ዕቃ ብሰካበት ምን ችግር አለው?

ሌዘር ፕሪንተር አይሆንም። ቀለሙን የሚያጣብቀው ክፍል ሲሞቅ ብዙ መቶ ዋት በአንዴ ይስባል።

አንድ ቢሮ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ኔትወርኩ ይቋረጥ ነበር። መብራት አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ አዲስ ዩፒኤስ አለ። ሁለት ቀን ኬብል ስቀያይር ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ከደረጃው ሥር ያለችው የስዊች ክፍል በር ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ሻይ የሚያፈሉት እናት ማንቆርቆሪያውን ይዘው መጡ።

"እትዬ፣ የት ነው የሚሰኩት?"

"ይሄው እዚህ ነዋ ልጄ። ይሄኛው መብራት ቢጠፋም አይጠፋም።"

ሰው የሚሠራውን ሶኬት ያውቀዋል። የውሃ ማፍያው 2000 ዋት ነው፣ ዩፒኤሱ 600። ክፍት ቀዳዳዎቹን በፕላስቲክ ዘጋሁና ለእትዬ ሌላ ሶኬት አስገባንላቸው። ሻዩም አልዘገየም።

ስዊቹ ዩፒኤስ አለው። መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱ ግን ይጠፋል። ለምን?

ሰንሰለቱን እዩት። ኢንተርኔቱ ከፋይበሩ ሳጥን ይጀምራል፣ ራውተሩን ያልፋል፣ ስዊቹ ጋ ይደርሳል። የፋይበሩ ሳጥን ብዙ ጊዜ እንግዳ መቀበያው ጋ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ቀጥታ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ነው የሚገኘው። እሱ ጠፍቶ ስዊቹ ቢበራ ምን ይጠቅማል? ፎቁ ላይ ያለው ሁለተኛው ስዊችም እንደዚሁ።

ለፋይበሩ ሳጥንና ለራውተሩ ትንሿ ሚኒ ዩፒኤስ በቂ ናት። ሲሰኩ ቮልቴጁን ከአዳፕተሩ ላይ አንብቡ። 12 ቮልት የሚለውን 9 ላይ፣ 9 የሚለውን 12 ላይ እንዳታደርጉ።

ኦንላይን የሚባለውን ዩፒኤስ ልግዛ ወይስ ላይን ኢንተራክቲቭ?

ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለው መብራት ሲጠፋ ወደ ባትሪው እስኪዞር ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ደህና ስዊች ያንን ያህል በራሱ ይቋቋማል። ዩፒኤሱ ቮልቴጁንም ከፍ ዝቅ አድርጎ ያስተካክላል። ለአብዛኛው ቢሮ ይሄ ይበቃል።

ኦንላይኑ ኃይሉን ሁልጊዜ ወደ ዲሲ ቀይሮ እንደገና ወደ ኤሲ (የግድግዳው ኃይል ዓይነት) ይመልሳል፤ ምንም ክፍተት የለም። ውድ ነው፣ ይሞቃል፣ ይጮሃል። ቮልቴጁ ቀኑን ሙሉ የሚዋዥቅበት ሰፈር ከሆነ ወይም ከስዊቹ ጋር ሰርቨር ካለ ግን ገንዘቡን አውጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ዕቃ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። አንዳንድ የዩፒኤስ መመሪያዎች ከ1000 ሜትር በላይ ጭነት ቀንሱ የሚሉት ለዚህ ነው። ዩፒኤሱን አፉ ድረስ አትሙሉት።

ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል?

ከሦስት እስከ አምስት። ሙቀት ይገድለዋል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ያለ ባትሪ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ሰመራ ወይም ጋምቤላ አየር ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል ውስጥ ያለው በሁለት ዓመት ቢሞት አትደነቁ። ካበጠ ወይም ከሸተተ ዛሬውኑ አውጡት። የቀየራችሁበትን ቀን በማርከር ጎኑ ላይ ጻፉ፤ ቀን ያልተጻፈበት ባትሪ ሁሌም "በቅርቡ ነው የተቀየረው"።

የሕዳሴው ግድብ ተመርቆ የለ? አሁንም ይሄ ሁሉ ያስፈልጋል?

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ ደስ ብሎናል። ግድቡ ኃይል ያመነጫል። ቢሯችሁ ድረስ የሚያመጣው ግን የሰፈሩ ትራንስፎርመርና ምሰሶው ላይ ያለው ሽቦ ነው። ዛፍ የወደቀበት ሽቦ ከየት እንደመጣ አይጠየቅም።

የሚሠራውን ስዊች ሳላጠፋ ወደ ዩፒኤስ ማዛወር እችላለሁ?

ሁለት ፓወር ሰፕላይ ካለው ይቻላል። አንዱን ንቀሉ፣ ዩፒኤሱ ላይ ስኩ፣ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ጠብቁ። ሌላውን የምትነኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ብቻ ካለው መጥፋቱ የግድ ነው፤ ለምሳ ሰዓት ወይም ለቅዳሜ ከሰዓት አቆዩት።

ከመንቀላችሁ በፊት ግን ኮንፊገሬሽኑ (የስዊቹ ቅንብር) ሴቭ መደረጉን አረጋግጡ። ሲስኮ ላይ "ራይት ሜሞሪ" ነው። ስዊች ሴቭ ያልተደረገለትን ነገር የሚይዘው እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው። አንዴ አራት ዓመት ሙሉ ያልጠፋ ስዊች ለአዲስ ዩፒኤስ ብዬ ነቀልኩት። ሲነሳ ከኔ በፊት የነበረው ልጅ የሠራው የፖርቶች የቪላን ድልድል ሁሉ (አንዱን ስዊች ወደ ተለያዩ ኔትወርኮች የከፈለበት) የለም። መጀመሪያውኑ ሴቭ አላደረገውም ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ የጀመርኩትን ሥራ ስጨርስ ጥበቃው በሩን ሊቆልፉ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ነበር።